ከፕላስተሩ ሥር ያለችው ፊደል

አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጽፍላት የነገራት በሽተኛ በተሰለፈበት ኮሪደር ላይ ነው። ትንሽ ሰብአዊነት ቢኖረው ኖሮ ቢሮው አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይነግራት ነበር። እሱ ግን ያን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጎ፣ ማመልከቻዋን በሁለት ጣቱ እንደ ቆሻሻ ጨርቅ አንጠልጥሎ፣ «አንቺ ፊልምሽን እጠቢ!» አላት። «ዲግሪ! ደግሞ ዲግሪ አማራት! የሰው ስም አስተካክላ ማተም ያቃታት ሴትዮ ራጅ ልታነሳ!»

ከተሰላፊዎቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ክንዱ የተሰበረ ሰውዬ ነው፤ ያን ያህል አላመመውም ማለት ነው።

እሷ ወረቀቷን ከመሬት አነሳች (ለቀቀው እኮ፣ አይሰጣትም!) እና ወደ ሥራዋ ገባች። በዚያ ሆስፒታል በስሟ የሚጠራት የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የራጅ ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለሠራች «ጨለማዋ» ነው የሚሏት። ፊልሙን የያዘው ጠፍጣፋ ሣጥን፣ ካሴቱ፣ በግድግዳው መስኮት በኩል ይመጣላታል፤ በቀይዋ መብራት ከፍታ ፊልሙን ታወጣለች፤ የበሽተኛውን ስም ጥጉ ላይ በብርሃን ታትማለች፤ ታጥባለች፤ ታንጠለጥላለች። እጇ ሁልጊዜ የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት ይሸታል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው መስኮት ይከፍታል።

አለቃን «አንቱ» ብዬ ላወራችሁ ይገባኝ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የራጅ ክፍሉን ከሃያ ዓመት በላይ መርቷል። አልልም። ካላመናችሁኝ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

ኮሌጁ በዚያ ዓመት የራዲዮግራፊ ዲግሪ ከፍቶ፣ በሆስፒታል ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ቦታ ለይቶ ነበር። አንድ! ዕድሜው ሠላሳ አምስት የሞላው አይመዘገብም። ለጨለማዋ ሠላሳ አምስት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ዘንድሮ ካመለጣት አበቃ፤ እስክታረጅ ፊልም ስታጥብ ትኖራለች። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጥታ አልፋለች። የቀራት የአለቃዋ ደብዳቤና ቃለ መጠይቁ ነው።

ደብዳቤ መከልከሏን ለኮሌጁ ስትናገር ጸሐፊዋ ደንቡን አውጥታ አነበበችላት። ደብዳቤ የከለከለ አለቃ ቃለ መጠይቁ ላይ ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳል። ለአለቃም ጥሪ ተላከለት። እሱማ ደስ አለው! «እመጣለሁ እንጂ» አለ፤ «ማስረጃም ይዤ ነው የምመጣው።»

የትኛው ማስረጃ እንደሆነ ለጨለማዋ ገባት።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ በያጅ ሳል አልለቅ ብሎት የደረት ራጅ ሊነሳ መጣ። ያነሳው ራሱ አለቃ ነው። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ራጅ አንሺ የራሱ ሁለት ፊደሎች አሉት። ከእርሳስ ብረት የተቆረጡ፣ ጥፍር የሚያህሉ፣ አንዷ «ቀ» ለቀኝ፣ አንዷ «ግ» ለግራ። ከሥራቸው የአንሺው ስም መነሻ ተቀርጾባቸዋል። አንሺው ሲያነሳ «ቀ»ን ከበሽተኛው በቀኝ በኩል ካሴቱ ላይ ይለጥፋታል፤ ጨረር ስለማያልፋት ፊልሙ ላይ ነጭ ሆና ትወጣለች። ፊልም እንደ መስኮት መስታወት በሁለቱም በኩል ያሳያል፤ ገልብጠህ ብትሰቅለውም ደረት ደረት ነው። የትኛው ቀኝ፣ የትኛው ግራ እንደሆነ የምትናገረው ያቺ ፊደል ናት።

በያጁ ሲነሳ የተናገረውን ጨለማዋ በመስኮቱ በኩል ሰምታለች። «ጌታዬ፣ የኔ ልብ እኮ በቀኝ በኩል ነው የሚመታው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ…» ሲል አለቃ፣ «አንተ ዝም ብለህ አየር ሳብና ያዝ!» አለው።

ፊልሙን አጥባ ወደ መብራቱ ብታነሳው እጇን በአፏ ጫነች። የልቡ ጫፍ ወደ «ቀ» ዞሯል። ልቡ ብቻ መሰላችሁ? ጨጓራው ወዲያ፣ ጉበቱ ወዲህ። ሰውየው ከውስጥ እንዳለ ተገልብጦ የተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሺዎች መካከል አንድ ቢገኝ ነው፤ ጤነኛ ነው፣ ምንም አይለው፤ ብቻ ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው። እየሮጠች ለአለቃ ወሰደችለት።

አለቃ ሲያየው አመዱ ቡን አለ። ከሳምንት በፊት ፊደል በተሳሳተ በኩል ለጥፎ የአጥንት ሐኪሙ ሰው ፊት ጮኾበታል። አሁንም ደገምኩት ብሎ አሰበ። አልተሳሳተም እኮ! ወይ ጉድ፣ ባለፈው ሳተ፣ ዛሬ በትክክል ለጥፎ ሳትኩ ብሎ ደነገጠ። «ሰውየውን ልጥራና ደረቱን ላዳምጥ» አላለም። መቀስ አነሳ፤ ፕላስተር ቆረጠ፤ ፊልሙን ገልብጦ ፊደሏ ላይ ለጠፈባት፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «ግ» ብሎ ጻፈ። ልብ ወደ ግራ ዞረ፣ ሁሉም ነገር አማረ።

አንድ ነገር ብቻ አላማረም። ፊልሙ ሲገለበጥ የበሽተኛው ስምም ተገለበጠ። ሐኪሙ «ይሄ ስም ምን ሆኖ ነው?» ሲል፣ «ጨለማዋ ናት፤ ገልብጣ አትማው ነው» አለ። ዓይኑን እንኳን አላርገበገበም። ሐኪሙ ደህና ነው ብሎ ፈረመ። ለእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት።

«ጌታዬ፣ ሰውየው ራሱ ልቤ በቀኝ ነው ብሎዎት ነበር እኮ» አለችው በዚያ ቀን።

«አፍሽን ዝጊ። ኮንትራትሽ የሚታደሰው በማን ፊርማ ይመስልሻል?»

ዘጋች። ይህችን ዝምታዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበሩት ቀናት ቤት ውስጥም ሰላም አላገኘችም። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እታለም ትላታለች። እታለም ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ አፏ ከመርፌዋ የሚፈጥን ሴት ናት። ጨለማዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ የአጥንት ስም ስታጠና፣ ቅልጥሟን እየነካች፣ የጎድን አጥንቷን እየቆጠረች፣ እታለም በሲንገር የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትነካካታለች።

«ቆጥረሽ ስትጨርሺ ሥጋ እንደሌለሽ ይገባሻል።»

«እታለም፣ ተይኝ።»

«ምን አደረግኩሽ? ሠላሳ አምስት ሊሞላሽ ደብተር ታቅፈሽ! ጓደኞችሽ ልጅ ያስመርቃሉ።» ፔዳሉን ረገጠችው። «ደግሞ ያ ሽማግሌ መጥቶ ሲያዋርድሽ አልቅሰሽ ትመጫለሽ፤ ከዚያ እኔ ነኝ የማዝልሽ።»

ጨለማዋ ደብተሩን ዘጋች። የፊልሙን ጉዳይ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ንዴቷ አሸነፋትና ከሀ እስከ ፐ ተናገረች። ፕላስተሩን፣ ውሸቱን፣ ማስጠንቀቂያውን። እታለም ልብሱን አስቀምጣ ሰማቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ልቡ በቀኝ የሆነው ነዋ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ጨለማዋ፤ ደብተሯን እንደገና ከፈተች። እታለም አየት አደረገቻትና ወደ ሲንገሯ ተመለሰች። ፔዳሉን ግን አልረገጠችውም።

የቃለ መጠይቁ ክፍል ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት መምህራን፣ ግድግዳው ላይ የፊልም ማያ መብራት። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈርጣማ ሴት ናት፤ ስትጠይቅ ፊቷ አይፈታም። ጨለማዋን ስለ ጨረር መከላከያ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ እርጉዝ ሴት ጠየቁ፤ መለሰች። አንዱ መምህር ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አለቃ ተጠራ።

ሱፉን ግጥም አድርጎ መጣ። እሳት ጎርሶ፣ እሳት ለብሶ። ማስጠንቀቂያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከትልቅ ፖስታ ውስጥ ያንን ፊልም አውጥቶ መብራቱ ላይ ሰቀለው።

ምን ቆርጦት አመጣው ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋሸውን ውሸት ራሱም አምኖት ነበር። ውሸታም እንዲህ ነው፤ ሌላውን አታልሎ ሲጨርስ ወደ ራሱ ይዞራል።

«ይመልከቱ» አለ ለሰብሳቢዋ። «የሰው ስም ገልብጣ ታትማለች። ይህችን ነው ሙያ ላይ ልናስቀምጥ የምንፈልገው? የጨለማ ክፍል ሥራ የከበዳት፣ ነገ ሰው ሲሰጣት ቀኙን ከግራው ልትለይ?»

ጨለማዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የፈራች መስሏችሁ ነበር? ንዴት ነው። ወደ መብራቱ ሄደች።

«ፊልሙን ላውርደው?»

ሰብሳቢዋ በእጇ ፈቀደችላት። ጨለማዋ አወረደችው፤ ጥጉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። በጨለማ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በጣቱ ያያል። የፕላስተሩ ጠርዝ በጥፍሯ ገባላት፤ ሁለት ዓመት የደረቀ ነውና ምንም ሳያስቸግር ተላጠ። ከዚያ ፊልሙን ገልብጣ ሰቀለችው።

ነጯ «ቀ» ቀጥ ብላ ታየች። ከሥሯ የአለቃ ስም መነሻ። ማዶ ጥግ ላይ የበሽተኛው ስም፣ ተስተካክሎ።

«እኔ ስሙን ገልብጬ አትሜ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ ጥጉን በጣቷ እያሳየች፣ «ስሙ ብቻ ነበር የሚገለበጠው። ፊደሏ ግን ጨለማ ክፍል አትገባም፤ እሳቸው ናቸው የሚለጥፏት። አሁን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተስተካከሉ። እኔ ምንም አልገለበጥኩም። ፊልሙን የገለበጡት እሳቸው ናቸው። ፕላስተሩም የሳቸው ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አደረገች። ተነስታ ቀረበች። «ታዲያ ይህ ሰው…»

«ልቡ በቀኝ ነው። ሆዱም እንደዚያው።»

አለቃ «እኔ እኮ… የተሳሳትኩ መስሎኝ…» አለ፤ ያቺ በሁለት ዓመት ውስጥ የተናገራት ብቸኛ እውነት ትመስለኛለች። ሰብሳቢዋ ፊቷን እንኳን አላዞረችለትም። «የርስዎ ጉዳይ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ይሄዳል። ይውጡልኝ» አለችው። ላቡን እየጠረገ ወጣ። ፖስታውን ረስቶት ሄደ።

እሰይ! አለ የጨለማዋ ልብ። እሰይ፣ እንኳን! አሥራ አንድ ዓመት የዋጠችው ሁሉ ከጉሮሮዋ ወረደላት። ቦታው የኔ ነው ብላ አሰበች፤ ለእታለም ስትነግራት ምን እንደምትል ሁሉ አሰበች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት ሰብሳቢዋ።

«ያኔውኑ። እንዳጠብኩት።»

«ለሰውየው ነገርሽው?»

እነሆ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ዝምታ።

«ኮንትራቴ በሳቸው ፊርማ…»

«ኮንትራትሽን አልጠየቅሁሽም።»

«አልነገርኩትም።»

ሰብሳቢዋ ተቀመጠች። «እሱ ደንግጦ ዋሸ። አንቺ ተረጋግተሽ ሁለት ዓመት ያዝሽው። ይቺን ማስረጃ ለራስሽ ቀን አስቀምጠሻት ነበር።» ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ዝርዝሩ ዓርብ ከሰዓት ይለጠፋል። ሰውየውን ፈልገሽ አምጪ። እኔ ባለሁበት በትክክል ይነሳል፤ ፊልሙም በእጁ ይሰጠዋል። ካልመጣ ቦታውን ለሁለተኛዋ እሰጣለሁ።»

ክፉ ናት? ሲወራልኝ እኔም ክፉ ናት ብዬ ነበር።

የበያጁን ሰፈር ጨለማዋ ከድሮው የበሽተኛ መዝገብ አገኘችው። ሐሙስ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። የብየዳ ቤቱ በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ውስጡ ሦስት ሰዎች ጭንብል አድርገው የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳሉ። እሱ ግን ጭንብል አላደረገም። ጥግ ላይ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ብሎን በየመጠኑ ይለያል። ከስቷል።

ከሆስፒታል እንደመጣች ስትነግረው ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

«ምን ቀራችሁ? እግሬን?»

«ስለ ደረት ራጅዎ ነው። ልብዎ…»

«ልቤ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ።» ተነሳ፤ ሸሚዙን ገለበው። ሆዱ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፤ ሁለቱም ረጅም። «አምና በግራ በኩል ሆዴን አመመኝ። ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው፣ ያንተ ሌላ ነው አሉና ሦስት ቀን አቆዩኝ። ብሶብኝ ስወድቅ በቀኝ ቀደዱኝ፤ የለም። ውስጤ ከፈነዳ በኋላ በግራ ቀደዱኝ፤ እሱ እዚያ ቁጭ ብሏል። ልቤ በቀኝ ነው ብዬ ብለምናቸው፣ ‹ራጅህ እዚህ አለ፣ ደህና ነህ› እያሉ ያቺን የፈረሙባትን ወረቀት ያሳዩኛል! አሁን ብረት ማንሳት አልችልም። ብሎን እለቅማለሁ።»

ጨለማዋ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ልመና ሁሉ ጠፋባት።

«አንቺ ምንድነሽ እዚያ?» አላት።

«ፊልም አጣቢ ነኝ። ያን ቀን ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ።»

«ስናገር ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ፊልሙንም አይቻለሁ። ትክክል እንደነበሩ አውቅ ነበር።» ፕላስተሩንም፣ የአለቃ ስም ያለባትን ፊደልም ነገረችው።

በያጆቹ ሥራ አቆሙ። እሱ የያዘውን ብሎን ጣሳው ውስጥ ወረወረው።

«ውጪልኝ።»

«ነገ ጠዋት በትክክል ይነሱና ፊልሙን በእጅዎ ይያዙት፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ እንዳይሳሳት። ባይመጡ እኔም ልገባበት የነበረው ትምህርት ይቀርብኛል። እሱን ደብቄ ልለምንዎት አልፈልግም።»

«ይቅርብሽ! ውጪ ብያለሁ፣ ሴትዮ!»

ወጣች። ቤት ስትገባ እታለም ፊቷን አይታ ሁሉም ነገር ገባት። «ሂጂ ታጠቢ» አለቻት። የዚያን ዕለት ስለ አጥንትም፣ ስለ ዕድሜም አልተነሳም።

ዓርብ ሰብሳቢዋ ሦስት ሰዓት ላይ ራጅ ክፍሉ ደረሰች። አለቃ ከኮሪደሩ ጫፍ ቁልፍ እያሽከረከረ ቆሟል፤ ውሳኔ እስኪመጣ ከማንሳት ታግዷል፤ ጨለማዋን በዓይኑ ሊበላት ምንም አልቀረው። ሦስት ተኩል ሆነ። አራት ሆነ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። አራት ተኩል ላይ በያጁ ብቅ አለ። እጅ አልነሳም፤ ማንንም አልጠየቀም፤ እየገባ ሸሚዙን ፈታ።

ሰብሳቢዋ ለጨለማዋ ነገረቻት፦ «አንቺ አቁሚው፤ ፊደሏን አንቺ ለጥፊ። ማሽኑን እኔ እጫነዋለሁ።» ከቦርሳዋም የኮሌጁን «ቀ» አውጥታ ሰጠቻት።

ጨለማዋ ሰውየውን ካሴቱ ላይ ደረቱን አስደግፋ አቆመችው። ትከሻውን ወደፊት ስትገፋ ጣቷ እንዳይቀዘቅዘው እጇን መጀመሪያ አሻሸች። ፊደሏን ልትለጥፍ ስትዘረጋ ሰውየው ዞር ብሎ እጇን ያዘ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኮሌጁ ናት።»

«ስም የላትም።» አገላበጣት። ብረት የሚያውቅ ሰው ነው። «ያችኛዋ የዚያ ሰውዬ ስም ነበረባት ብለሽኛል፤ ስሙ ስላለ ነው የተያዘው። ስም የሌላት ፊደል ደረቴ ላይ አታርፍም።» ከሱሪው ኪስ ምስማር አወጣ። «ስምሽ ማነው?»

በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም። በሩ ድረስ መጥቶ የቆመው አለቃ እንኳን ስሟን ለማስታወስ ሲሞክር ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ጨለማዋ ተናገረች። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ለስላሳ እርሳስ ላይ የስሟን መነሻ ፊደል በምስማሩ ጫረ፤ አቧራውን እፍ አለው፤ መለሰላት።

«አሁን ብትሳሳቺ ማንን እንደምይዝ አውቃለሁ።»

ለጠፈቻት። በቀኝ በኩል፣ ልቡ በሚመታበት በኩል። «አየር ይሳቡ… ይያዙ» አለች፤ ሰብሳቢዋ ቁልፉን ተጫነች።

ፊልሙን ራሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ በፖስታ አድርጋ ሰጠችው። ወደ መብራቱ አንስቶ አየው፤ ልቡን አየ፣ ነጯን ፊደል አየ፣ ከሥሯ ያለችውን የምስማር ጭረት አየ። ሰብሳቢዋም የጨለማዋን የመግቢያ ቅጽ አውጥታ እዚያው ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች፤ ጨለማዋ ኮሌጅ ገባች። ከሰዓት በኋላ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ሙሉ ስሟ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን፣ ጠዋት ሰውየው ሸሚዙን ቆልፎ ሊወጣ ሲል ጨለማዋ በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

ፖስታውን በብብቱ አጥብቆ ያዘ።

«አልልም» አላት። «ሂጂና ተማሪ።»